የዘርትሁን ክስ የተሻሻለ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የዳኛ ሙሉጌታ ሙት ዓመት ነበርና ደብረ ብርሃን፣ ቤተሰባቸው ቤት ሄጄ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ፣ በኋለኛው ዘመን ከዳኛው ጋር ሌላ ቦታ የሠሩ ናቸው፣ ጠላቸውን እየተጎነጩ «ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው፤ ለዳኝነት ግን ትንሽ ልባቸው ይባባ ነበር። ሰው ክሴን ላሻሽል ሲላቸው እሺ ነው መልሳቸው» አሉኝ። የሐዘን ቤት ነውና አፌን ሰበሰብኩ። ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ግን ለራሴ መለስኩላቸው። እኚህ ሰው መንዝ፣ ሞላሌ አልነበሩም፤ እኔ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈውም ያንኑ ድንኳን ውስጥ የዋጥኩትን መልስ ነው።

ሞላሌ በችሎት ጸሐፊነት ተመድቤ የሄድኩት ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በሁለት እግሩ ከቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልጆቼ ሲጠይቁኝ ይምታታብኛል፤ የማይምታታብኝ ሌላ ሌላው ነው። የቤት ኪራዬ ሠላሳ ብር ነበር፤ በዚያ ብር ጭቃው በደንብ የተመረገ፣ መስኮቱ ወደ ገበያው የሚያይ አንድ ክፍል ከነአጥሩ ይገኝ ነበር። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ትኩስ የገብስ ዳቦ ደግሞ እጅ እያቃጠለ ከጋገረችው ሴት መሶብ ላይ በሽርፍራፊ ሳንቲም ይነሣ ነበር። የሞላሌ ብርድ አጥንት ይሰብራልና ሴቱ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ፣ ከነጠላው ሥር ደግሞ ሹራብ ይደርባል። ከከተማ የመጣሁ ነኝ ብዬ በስስ ሸሚዝ ሳምንት ቆይቼ በሳምንቱ ከገበያ የበግ ጠጕር ካልሲ ገዛሁ። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ ካሴት የሚቀዳ አንድ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ዘፈን የሚያሰማው ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባና ማታ ሲወጣ ብቻ ነበርና የመሥሪያ ቤት ሰዓታችንን የምናውቀው በዚያ ነው። አምባሰሉ ሲጀምር ረፍዶብናል ማለት ነው። አሁን በዚያ ጥግ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ልጅ ይቀመጣል አሉኝ፤ ሄጄ አላየሁትም፣ ማየትም አልፈልግ።

ፍርድ ቤቱ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረዥም ቤት ነበር። በረዶ ሲወርድ የቆርቆሮው ጩኸት አያነጋግርምና ዳኛው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ፤ ከሳሽም ተከሳሽም ምስክርም አፉን ዘግቶ አንድ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በክረምት ስንቱን ችሎት እንዲህ አንጋጠን አሳለፍነው። የእኔ ቦታ ከዳኛው ወንበር በስተግራ፣ ከአሮጌ የታይፕ መኪና ፊት ነበር። «ኛ»ን ስመታ ቁልፉ ስለሚጠነክር ጣት ያማል፤ «ዳኛ» የሚለው ቃል በቀን ስንቴ እንደሚመጣ ደግሞ ገምቱት።

የመንዝ ሰው ሙግት ይወዳል ይባላል፤ እኔ ግን የሚወደው ንግግር ነው እላለሁ። የችሎት ቀን ሰዉ ከቀየት፣ ከዘመሮ፣ ከየገደሉ ሥር በጠዋት ተነሥቶ ይመጣል። በርኖሱን ደርቦ፣ ከጭቃው ያወጣውን ኮንጎ ጫማ በሣር ጠርጎ፣ ዱላውን ደጃፍ ላይ አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ይገባል። ግማሹ ጉዳይ ያለው ነው፤ ግማሹ ግን ሌላው ሲሟገት ሊሰማ የመጣ ነው። ከነዚህ መካከል አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ በጃንሆይ ጊዜ በላ ልበልሃ ተሟግተው ያደጉ። እሳቸው ባደጉበት ሙግት አንዲት ቃል ያዳለጠችው ሰው ርስቱን ሊያጣ ይችል ነበር። «ሰው በአንደበቱ፣ በሬ በቀንዱ ይያዛል» ይሉ ነበር፤ የያዙትን የሰው ቃል ደግሞ አይለቁም። ሰው ሙግት ሲገጥመው ቅቤም ማርም ይዞ ምክር ፍለጋ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

ዳኛ ሙሉጌታ የተጉለት ሰው ነበሩ። አርባ የሞላቸው አይመስለኝም፣ ግን ካፖርታቸውና መነጽራቸው ሽማግሌ ያስመስሏቸው ነበር። እንደመጡ ሰዉን ያስደነገጡት በአንድ ነገር ነው፤ ከሳሹንም ተከሳሹንም፣ ባለ በርኖሱንም ቡትቶ የለበሰውንም «እርስዎ» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ሰዉ የተሾፈበት መስሎት ግራ ይጋባ ነበር። አንዲት ድንች ሻጭ «እርስዎ» ብለው ሲጠይቋት ወደኋላዋ ዞራ ማንን እንደሚጠሩ ስትፈልግ ችሎቱ ሁሉ ሣቀ፤ እሳቸው አልሣቁም። ጥያቄውን በዚያው አክብሮት ደገሙላት።

ልባቸው ይባባ ነበር ላሉት ሰው መጀመሪያ የምነግራቸው የበቅሎውን ነገር ነው። አንድ የዘመሮ ሰው በቅሎዬን ለጎረቤቴ አውሼው አልመልስም አለኝ ብሎ ከሰሰ። ምስክሮች ቀርበው፣ የራሱም ምስክሮች ሳይቀሩ፣ በቅሎውን ገበያ መሐል ሸጦለት የሽያጭ ጠላ እንደጠጡ ተናገሩ። ሰውዬው ነገሩ እንደከፋ ሲያይ ለፍርድ በተቀጠረበት ዕለት ተነሥቶ «ክሴን ላሻሽል፤ ውሰት የሚለው ሽያጭ ይባልና ዋጋው ይከፈለኝ» አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «መሸጥዎን ከሽያጩ ቀን ጀምሮ ያውቁት ነበር። አሁን የተለወጠው እርስዎ የሚያውቁት ነገር ሳይሆን ምስክር የተናገረው ነው» አሉትና ጥያቄውን ዘጉት። ልባቸው አልባባም። ድምፃቸውም ከፍ አላለም። ሰውዬው እጅ ነሥቶ ወጣ፤ አቶ ሽብሩም ጢማቸውን እየዳሰሱ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኝህ ዳኛ ቃል የሚያስሩ ሰው ናቸው ብለው ደመደሙ መሰለኝ።

የዘርትሁን ነገር የመጣው በዚያው ዓመት፣ ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መቀበል በጀመረበት ሰሞን ነው። ዘርትሁን ደምሴ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ስትናገር ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ ሴት ነበረች። ወደ ግሼ ተድራ፣ ትዳሩ ሳይሠምርላት ቀርቶ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። አባቷ አያ ደምሴ ሚስታቸው ቀድማ ሞታባቸዋለች፤ በመጨረሻ ዘመናቸው ደግሞ ዓይናቸው ጠፍቶ በእሷ እጅ ነበር የሚኖሩት። እንደሞቱ የወንድማቸው ልጅ በየነ ቤቱንም ከቤቱ በላይ ያለውን የገብስ ማሳም ያዘ። በየነ ክፉ ሰው አልነበረም። አምስት ልጆች ያሉት፣ የራሱ መሬት ድንጋይ የበዛበት፣ አጎቱ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በበሬዎቹ ሲያርስላቸው የኖረ ሰው ነው። ዘመዶቹ ወራሹ አንተ ነህ አሉት፤ እሱም ነኝ አለ። ዘርትሁን እንደ እንግዳ አንድ ጎረቤት ቤት ተጠግታ ከረመችና፣ በመጨረሻ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ዣንጥላ ዘርግተው አቤቱታ የሚጽፉት አለቃ ጥበቡ ዘንድ መጥታ ክስ አስጻፈች። አለቃ የቅኔ ሰው ስለነበሩ ጽሕፈታቸው ያምራል። «የወለዱኝ አባቴ አቶ ደምሴ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ የአብራካቸው ክፋይ የሆንኩት ብቸኛ ልጃቸው…» ይላል ክሱ። እሷ ያለችውን ነው የጻፉት።

በየነ ያቀረበው መልስ አጭር ነበር፤ ከሳሽ በመሬቱ ላይ መብት የላትም ይላል፣ በቃ። ለምን እንደማይኖራት አይናገርም። ክስ በሚሰማበት ቀን ዳኛው ሁለቱንም አቁመው በየነን ጠየቁት። ከሳሽ የሟች ልጅ አይደሉም ወይ፣ ከሆኑስ እንዴት መብት አይኖራቸውም አሉት። በየነ ዱላው ደጅ ስለቀረ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ የበርኖሱን ጫፍ ይጠመዝዛል። «እሱን ባልናገር ይሻለኛል» አለ። ዳኛውም ምክንያቱን ካልተናገሩ መልስ እንዳልሰጡ ይቆጠራል ብለው አስረዱት። ከኋላ አቶ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ በየነ ወደ ዘርትሁን ሳያይ ተናገረ።

«አጎቴ አልወለዷትም። በክፉው ቀን ከመንገድ አንሥተው ያሳደጓት ናት።»

ዘርትሁን ቀና አለች፤ ዓይኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። «አያ በየነ፣ ምን አልክ?» አለችው። እሱ የበርኖሱን ጫፍ መጠምዘዙን ቀጠለ። እሷም ችሎቱን ዞራ ቃኘች፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። በዚያ አንገት መድፋት ገባት። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ክርስትና ያነሣት ቄስ፣ አገሩ በሙሉ ሲያውቅ እሷ ብቻ ሳታውቅ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ከወሎ በኩል ሕዝቡ በረሃብ ሲፈልስ እናቷ ሞላሌ ሳትደርስ ሞታ፣ ሕፃኗ ጡቷ ላይ ተለጥፋ ነው የተገኘችው። አያ ደምሴ ከበግ ገበያ ሲመለሱ አገኟት። አገሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ላይናገር በልቡ ተስማማ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሳይማማል የሚጠብቅበት ዘመን እንደነበር ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። በየነም መልሱን ያሳጠረው ለዚህ ነበር፤ መሬቱን ሊወስድባት እየፈለገ ይህን ግን ሊነግራት አልፈለገም። ሰው እንዲህ ነው።

ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሰጥተው ተነሡ። ለምሳ ስወጣ ዘርትሁን አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እትዬ ዘውዴ፣ አባቴ ዛሬ ሞተብኝ» አለች። አላለቀሰችም። አለቃ ጥበቡ ዣንጥላቸውን አጥፈው መጡና ከጎናችን ቆሙ። ክሱን ልተወው አለቻቸው፤ ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ ዳኛ ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ አለች። አለቃም መዋሸትና አለማወቅ አንድ እንዳልሆኑ፣ ክስ ደግሞ ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ በዳኛው ፈቃድ ሊሻሻል እንደሚችል፣ የወለዱኝ የሚለውን ያሳደጉኝ ማለት እንደሚቻል፣ አብሮ የኖረና የጦረ ቤተሰብም በመሬቱ ሕግ ቦታ እንዳለው በእርጋታ ነገሯት። ሰማቻቸው፤ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ትመለሳለች ብዬ አላሰብኩም።

በቀጠሮው ቀን መጣች። ነጭ አጥባ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው የመጣችው፤ ሐዘን ላይ የነበረች ሴት አትመስልም። ችሎት እስኪጀመር የሆነውን ነገረችኝ። ቤት እንደገባች ጎረቤታቸው የሆኑትን አሮጊት ይዛ አልለቅም አለቻቸው፤ አሮጊቷም ያዩትን ሁሉ ነገሯት። አያ ደምሴ ሕፃኗን በጋቢያቸው ጠቅልለው ገብተው፣ ሚስታቸው ወተት ስታፈላ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ሽማግሌዎች ፊት እንደ ጡት አጠቧት። የጡት ልጅ የሚደረገው እንዲህ ነበር። ስሟንም ያን ቀን አወጡላት፤ ልጅ የሌላቸው ሰው ነበሩና ዘርትሁን አሏት፣ ዘሬ ትሁን ሲሉ። «ስሜ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አለች ዘርትሁን። እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። ምን እንደነበር ለመናገር አሁንም ቃል ያጥረኛል። ሰው የሚወለደው ሳይመረጥ ነው፤ እሷ ግን ተመርጣ የተወሰደች ሆና ተገኘች፤ ይህን ስታስበው የከረመች ይመስለኛል።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ ደጁ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል። ዘርትሁን እጅ ነሥታ ክሴን ላሻሽል ይፈቀድልኝ አለች። በየነ ተቃወመ። የተናገረው ቃል የማን እንደሆነ ሁሉም አውቋል፤ አቶ ሽብሩ ሌሊቱን ያስጠኑት ይመስላል። መጀመሪያ የወለዱኝ ብላ፣ ያ ሲፈርስባት ያሳደጉኝ ማለቷ ቃል መለወጥ ነው፤ በሁለት ቃል የቆመ ሙግተኛ ደግሞ በአባቶቻችን ዘመን ተረትቶ ይወጣ ነበር፤ እኔም የተዘጋጀሁት ለመጀመሪያው ቃሏ ነው፣ በዚያው ትያዝልኝ አለ። ሰዉ በጕርምርምታ ደገፈው። ነገሩ እውነት አለበትና አልፈርድባቸውም፤ በዚያ አገር የሰው ንብረቱ ቃሉ ነው። በቅሎውን የሸጠውን ሰው ያዩት ሁሉ ዳኛው ይችንም ይመልሷታል ብለው ነበር የሚጠብቁት። እኔም ወረቀት አስገብቼ ጠበቅኩ።

ዳኛ ሙሉጌታ መዝገቡን ገለጡ፣ ዘጉት። ከዚያ ከወትሮው በዘገየ ድምፅ፣ እኔም ልጽፈው፣ ሕዝቡም ሊሰማው እንዲችል አድርገው ተናገሩ።

«ከሳሽ ይህን ነገር ያወቁት እዚሁ ችሎት ውስጥ፣ ከራሳቸው ከተከሳሹ አፍ ነው። አውቀው የደበቁት የለም። ምስክር ገና አልተሰማም። የሚጠይቁት መሬት ያው መሬት ነው፣ የሚወርሷቸው ሰውም ያው ሰው ናቸው። ተከሳሹ የሚጎዱት ዳግመኛ በመመላለሳቸው ነው፤ ለዚያ ከሳሽ ኪሳራ ይከፍላሉ፤ ተከሳሹም ለተሻሻለው ክስ አዲስ መልስ የመስጠት መብት አላቸው። ፍርድ ቤት የተቀመጠው የማን አንደበት እንደሚያዳልጥ ለማየት አይደለም፤ በመካከላችሁ ያለውን እውነተኛ ክርክር ለመጨረስ ነው። ተፈቅዷል።»

አቶ ሽብሩን አየኋቸው፤ ጢማቸውን መዳሰስ ትተው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ዘርትሁን ግን አልተቀመጠችም። አንድ የምጠይቀው አለኝ አለች፤ ዳኛው ይጠይቁ አሏት።

«ጌታዬ፣ ክሱ ሲሻሻል የአባቴም ስም ይሻሻላል?»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉት። ይህን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን የጠረጉት ብዙ ቆይተው ነው። «እሱን የሚያሻሽል ሕግ እኔ አላውቅም» አሉ። ከዚያም በዚያው በሕግ ቋንቋ፣ የከሳሽ ስም እንደተጻፈ ይቀጥላል ብለው አስጻፉኝ። ዘርትሁን ደምሴ። «ደምሴ»ን ስመታው ከመኪናው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ሰው ዳኝነትን እንደ ሰይፍ ነው የሚያስበው፤ ቆርጦ መጣል ይመስለዋል። እኔ ከብዙ ዳኞች አጠገብ ተቀምጬ ጽፌያለሁ፣ ፈጣኖችም ነበሩባቸው፣ ሕጉን በቃላቸው የሚሉም ነበሩባቸው። እንደ ዳኛ ሙሉጌታ ግን አንዱን ከልክለው ሌላውን ሲፈቅዱ ምክንያቱ ከእግር እስከ ራሱ የሚታይ ሰው አላየሁም። የበቅሎው ሰውዬና ዘርትሁን የጠየቁት በቃል ደረጃ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ክሴን ላሻሽል አሉ። አንዱ የሚያውቀውን ሲሸሽግ የኖረ ነው፣ አንዷ ያላወቀችውን ስታውቅ የተናገረች ናት። አንዱ ክርክሩ ካለቀ በኋላ፣ አንዷ ምስክር ከመሰማቱ በፊት ነው የጠየቁት። ይህን ለመለየት ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ብቻውን ግን አይለየውም፣ ከሰዉ ፊት ላይም ማንበብ ያስፈልጋል። እሳቸው ሁለቱም ነበራቸው። ያን ጊዜ ደመወዛቸው ስንት እንደነበር አውቃለሁ፣ በወር በወር የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ሙክት በግ ገዝቶ ለቀሪው ወር ብዙ የሚተርፍ አልነበረም። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተጥፎ ነበር።

የተሻሻለውን ክስ አለቃ ጥበቡ ጻፉት። ከመጀመሪያው ይልቅ አጭር ነበር፤ ቅኔውን ቀንሰውት ነበር። ባይወልዱኝም አሳድገውኛል፤ ከጋብቻዬ ተመልሼ አብሬያቸው በአንድ ማዕድ ኖሬያለሁ፤ አርሜ፣ አጭጄ፣ በጋቸውን ጠብቄ፣ ዓይናቸው ሲጠፋ መርቼ፣ ሲሞቱ ዓይናቸውን ከድኜ ቀብሬያለሁ ይላል። የክሱ ግልባጭ ለበየነ ደረሰው። አዲስ መልስ ይዞ የሚቀርብበት ቀን ተቆረጠ። በዚህ መካከል ገበያ ላይ የሚወራውን እንሰማ ነበር። ዘመዶቹና አቶ ሽብሩ አንድ መላ አገኙ ተባለ፤ የሟች ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ለእህልና ለልብሷ የኖረች ገረድ ናት፣ ገረድ ደግሞ ቤተሰብ አይደለችም የሚል መልስ ይጻፋል አሉ። መላው የዋዛ አልነበረም። በምስክር ከጸና ክሱን ይጥለዋል። ምስክር ደግሞ አይጠፋም፤ ዘመድ ሞልቷል።

ቀኑ ደረሰ። በየነ መልሱን ለመዝገብ ቤት አስገብቶ ነበር፤ የተባለው አልቀረም፣ ገረድ የሚለው ቃል በሁለተኛው መስመር ላይ አለ። ዳኛው ለችሎቱ አነበቡት። እሳቸው ሲያነቡት ድምፃቸው አይከፋም አይለማም፤ የተጻፈውን እንደተጻፈ ነው የሚያነቡት፣ ለዚህም ነው ሰው የራሱን ቃል ከእሳቸው አፍ ሲሰማ የሚደነግጠው። ዘርትሁን «ገረድ» ሲባል ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ነጠላዋን ብቻ ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ዳኛው ንባባቸውን ጨርሰው እንደ ሥርዓቱ በየነን ጠየቁት፤ መልስዎ ይኸው ነው ወይ፣ የሚጨምሩት ወይም የሚያርሙት ይኖራል ወይ አሉት። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ይጠይቁ ነበር። አብዛኛው ሰው ያው ነው ብሎ ይቀመጣል።

በየነ አልተቀመጠም። ከኋላው አንድ ዘመዱ «ያው ነው በል እንጂ» ሲል ሰማሁት። በየነ ግን ዞሮ ዘርትሁንን አያት፣ ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሰ።

«ክቡር ዳኛ፣ እሷ ክሷን እንድታሻሽል ፈቅደውላታል። የእኔም መልስ ይሻሻልልኝ።»

«ምን ተብሎ?» አሉት ዳኛው።

«ገረድ የሚለው ይውጣ። ለአጎቴ እኔ አርስላቸው ነበር፤ ከእርሻ ስገባ እግሬን ያጠበችኝ፣ ያበላችኝ እሷ ናት። ገረድ ሆና አይደለም። ሲሞቱ እኔን አልጠሩም፣ የጠሩት እሷን ነው። እህቴ ናት ተብሎ ይጻፍልኝ።»

የዘመዶቹ አግዳሚ ላይ ጕርምርምታ ተነሣ። ዳኛው እጃቸውን አነሡ፤ ዝም አለ። ወትሮ ባለጉዳዩ የተናገረውን እሳቸው ወደ ሕግ ቋንቋ ለውጠው ነው የሚያስጽፉኝ፤ ተከሳሹ ክሱን አምነዋል፣ ምናምን ብለው። ያን ቀን ወደ እኔ ዞሩና «እንዳሉት ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። አቶ ሽብሩ ቀስ ብለው ተነሥተው ለዳኛው እጅ ነሥተው ወጡ። ተቆጥተው ነው ብለን ነበር፤ በኋላ ግን ጠላ ቤት ተቀምጠው «በእኔ ዘመን ቢሆን ሁለቱም በመጀመሪያ ቃላቸው ተይዘው በተረቱ ነበር፤ ሁለቱም ባልሆኑት ነገር» ሲሉ ሰማን አሉ ሰዎች። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ፍርዱ በስምምነት ተጻፈ። ቤቱና ከላይ ያለው ማሳ የዘርትሁን ሆነ፤ በመንዝ ሴት በሬ አትጠምድምና በየነ አዝመራውን እኩል እየተካፈሉ ሊያርስላት፣ ገለባው ለበሬዎቹ ሊሆን ተዋዋሉ። እሱም ከዚያ ድንጋያም መሬቱ የማያገኘውን እህል አገኘ። ኪሳራውን አልቀበልም አለ፤ ዳኛውም አላስገደዱትም።

ስምምነቱን ፈርመው ሲወጡ እኔ ወረቀት ልጠይቅ ወደ መዝገብ ቤት እየሄድኩ ነበርና ከኋላቸው ደረስኩ። በሩ ላይ ቆመዋል። በየነ ዱላውን ከግድግዳው አንሥቷል፤ ዘርትሁን ጎንበስ ብላለች። በክሱ ምክንያት ከችሎት ውጭ ቃል ሳይለዋወጡ ነበር የከረሙት። ማን እንደሚጀምር ሁለቱም የጠፋቸው ይመስለኛል። እሷ ናት የጀመረችው፤ ቀና ሳትል፣ ጫማዋን እያሰረች።

«አያ በየነ፣ በሬዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ዳማው ደኅና ነው። ነጩ የፊት እግሩን አሞታል፤ ያነክሳል።»

«ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አለችውና ከፊት ከፊት ወረደች፤ እሱም ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተከተላት።